ለሁዳዴ የሚሆን ጊታር

ሰኞ

ሦስት ሰው! ስምንት ባሉበት ቆመው የሚነዱ ሳይክሎች ተደርድረው ቅዳሜ ዕለት የመጣው ሦስት ሰው ብቻ። ዛሬ ይርጋ ጠራኝ። ሴቶችን ሳይክል የማስነዳበት ጂም የሱ ነው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «የሺ፣ በዚህ ቅዳሜ ቢያንስ አምስት ኮርቻ ላይ ሰው ካላየሁ ሳይክሎቹን አውጥቼ ክፍሉን ለክብደት ማንሻ አደርገዋለሁ» አለኝ። ክብደት ማለት ወንዶቹ ማለት ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ እኔ የማውቀው፣ ሴቶች በር ዘግተው ብቻቸውን ስፖርት የሚሠሩበት ሰዓት የኔ ሰዓት ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት ከአስራ ሁለት እስከ አንድ። እሱ ከሄደ ሌላ የለም።

«ይሞላል» አልኩት። ከየት አምጥቼ እንደምሞላው ግን አላውቅም ነበር።

ሴቶቹ የቀሩት ሰንፈው አይደለም። ሁዳዴ ገባ፣ በሁዳዴ ደግሞ ዘፈን አይሰማም። ያለ ሙዚቃ ማስነዳቱን ሞክሬዋለሁ። የፔዳል ሲጥ ሲጥታ እየሰሙ አንድ ሰዓት መንዳት ወፍጮ ቤት ወረፋ እንደመጠበቅ ነው።

ያሰብኳቸው፦

በገና። ነፍስን ያረጋጋል። ችግሩ እግርንም ያረጋጋል።

መዝሙር። እትዬ ጥሩወርቅን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ሐኪም ለጉልበታቸው ሳይክል አዞላቸው ነው የሚመጡት። ሌሎቹ ሴቶች አንድ ነገር ለማድረግ መጀመሪያ የሳቸውን ፊት ያያሉ። «መዝሙር በሱሪ፣ በላብ፣ እያለከለክን? ተይ እንጂ ልጄ!» አሉኝ።

ከበሮ ብቻ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭፈራ ይሆናል።

ጊታር። ዘፋኝ የሌለበት፣ ጊታር ብቻ! ቃል ከሌለው ምኑ ዘፈን ይባላል? አገኘሁት። ለሁሉም ደወልኩ።

ማክሰኞ

ወይ ጉዴ።

ስድስት ሰው መጣ፣ ስድስት! እትዬ ጥሩወርቅም ከፊት ተቀመጡ። ስልኬ ላይ የጫንኩት በጊታር ብቻ የተሠሩ የሀገራችን ዜማዎችን ነበር። የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ልብ ይሞላሉ፤ እግሮቹ እኩል ወጥተው እኩል ይወርዳሉ። በልቤ «ይርጋ፣ ና እይ» እያልኩ ነበር።

ሦስተኛው ላይ የሠርግ ዜማ መጣ። ቃል የለውም። ግን እዚህ አገር ግጥሙን የማያውቅ ማን አለ? መጀመሪያ ከኋላ አንዷ ማንጎራጎር ጀመረች። ቀጥሎ ትከሻ። እግሩ ቆመ፣ ትከሻው ቀጠለ። አዲሷ ልጅ፣ ሰላም፣ መሪውን ለቃ አጨበጨበች። ከዚያ፣ መቼም ለራሴ አልዋሽም፣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። በሁዳዴ!

እትዬ ጥሩወርቅ ቀስ ብለው ወርደው ነጠላቸውን አነሱ። «ምነው እትዬ፣ ቃል የለውም እኮ» ብላቸው፣ «አንቺ ብታስቀሪው እኔ እስከ መጨረሻው በልቤ ዘፈንኩት። አሁን ለንስሐ አባቴ ምን ልላቸው ነው?» አሉኝ። አልተቆጡም፣ አዘኑ እንጂ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ሴቶች ተከትለዋቸው ወጡ።

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ረቡዕ

እንቅልፍ አልወሰደኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ውሸት ነው። ጥሩ ተኝቻለሁ። ሲነጋም ጥፋቴ ገባኝ፤ ቃሉን አወጣሁ እንጂ ዜማውን መች አወጣሁ?

ስለዚህ የምፈልገው ጊታር፦ ማንም የማያውቀው። ቃል የሌለው። ምቱ ቀጥ ያለ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። የኛ ችክችካ ለትከሻ እንጂ ለፔዳል አይሆንም። ለዳገት የሚከብድ፣ ለቁልቁለት የሚፈታ።

ከሰዓቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወደ ማታ የውጭ አገር የኤሌክትሪክ ጊታር አገኘሁ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «የማን ቆርቆሮ ነው የሚፈርሰው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እሷ ካላወቀችው ማንም አያውቀውም። ይሄ ነው!

ሐሙስ

አልነበረም።

ሦስት ሰው መጣ። ጊታሩ ሲፈጥን ሴቶቹም አብረውት ፈጠኑ፣ እኔም «በርቱ! በርቱ!» እላለሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ በአፋቸው አልዞረም፣ እኔ ግን ረስቼዋለሁ። ከሦስቱ አንዷ፣ ራሔል፣ እጇ ከመሪው ላይ ተንሸራተተ። ደግፈን አወረድናት፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ጊታሩን አጠፋሁት። ውሃ ብላት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ብላ እምቢ አለች። ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆይታ ነፍሷ ተመለሰች። «ደህና ነኝ፣ አታካብጂው» አለችኝ።  ጾመኛን እንደዚያ ያስሮጧል? ሙዚቃው ሰውን ይከተል እንጂ ሰው ሙዚቃውን እየተከተለ እስኪወድቅ ድረስ እንዴት ዝም ብዬ አያለሁ?

ሁሉም ሲወጣ ሰላም ቀረች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ። «እኔ ጊታር አለኝ» አለች ቀስ ብላ። ምን እንደምትጫወት ጠየቅኳት።

«ምንም። አራት ኮርድ፣ አራት የጣት አያያዝ ብቻ ነው የማውቀው። አንድም ዘፈን ተጫውቼ አላውቅም።»

ዘልዬ አቀፍኳት! «አንቺን ነው የምፈልገው!» አልኳት። ልታኮርፍ አሰበችና ሳቀች።

አርብ

ሰላም ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቤቷ ገብተን አመሸን። እሷ ትመታለች፣ እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ አየር ላይ ፔዳል እመታለሁ። የቤት አከራይዋ በመስኮት አይታን አማተበች።

ስንስማማ እንዲህ ሆነ፤ ሳይክሉ ቆሞ፣ መንገዱን በሐሳብ እንነዳለን። ከደብረ ታቦር እስከ ጋሳይ ለስላሳ፣ ሁለት ኮርድ። ከጋሳይ እስከ ክምር ድንጋይ ጠበቅ ያለ፣ ሦስት። የጉና ዳገት ላይ አንድ ኮርድ ብቻ፣ ክሩን በመዳፏ አፍና፣ ድም ድም ድም። ቁልቁለቱን አራቱንም። መንገዱን እኔ በአፌ እነግራቸዋለሁ። አንዷ ከደከመች ሰላም ዝግ ትላለች፣ ስልክ ይሄን አያውቅም።

አንድ ጣጣ አለ። ቀርጸን በስልክ እናጫውተው ስላት እጇ ደረቀ። የሚቀርጽ ስልክ ስታይ ኮርዶቹ ይጠፉባታል፣ አምስት ጊዜ ሞከርን። ስለዚህ እዚያው መጫወት አለባት። እየተጫወተች ደግሞ ሳይክል አትነዳም።

ደወልኩ። አራት ሴቶች «እንመጣለን» አሉ፣ ራሔል ሳትቀር። እትዬ ጥሩወርቅ «እስቲ እግዜር ያውቃል» ብለው ዘጉት። አራት። አንድ ጎደለ።

ይሞላል ብያለሁ፣ ይሞላል።

ቅዳሜ

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ውሃ ይቀመሳል። ሁሉንም አጠጣኋቸው፣ ራሔልን ሁለት ጊዜ።

አራቱ ኮርቻ ላይ ወጡ። ሰላም ጥግ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ይዛለች። ይርጋ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆጠረና አራት ጣት አሳየኝ። «ሰላምስ?» አልኩት። «ኮርቻ ነው ያልኩሽ፣ ወንበር አላልኩም» አለ።  ግን «ሰዓቱ ገና ነው፣ ሲያልቅ ቁጠር!» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። እንዲህ ደፍሬው አላውቅም።

ተነሳን። ሰላም የመጀመሪያውን ኮርድ ሳተች፣ ማንም ልብ አላለም። ጋሳይ ደረስን። ማንም አላንጎራጎረም፣ የማንም ትከሻ አልተነሳም፣ እግር ብቻ። ክምር ድንጋይን አለፍን። የጉናን ዳገት ስንጀምር በሩ ተከፈተ። እትዬ ጥሩወርቅ! ለካ ከጅምሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ ነበር። መሃል ላይ ቆመው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ሰላም ድም ድም ድም። 

«ዘፈን አይደለም» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ደግሞ አዳመጡና፣ «መዝሙርም አይደለም። ምንም አይደለም» ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከፊት ያለው ሳይክል ላይ ወጡ።

ሰላም ከንፈሯን ነከሰች፣ እጇ ግን አላቆመም። እኔ ዳገቱን ጮክ ብዬ ማወጅ ሲገባኝ እንባዬ ቀደመኝ። «ምን ያስለቅስሻል፣ ጉናን መች ጨረስን?» አሉኝ እየነዱ።

ሲያልቅ ይርጋ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «እስከ ፋሲካ ይቆይ እንግዲህ» አለ። ከፋሲካ በኋላስ? ያኔ ይታያል። ሁሉም ከወጡ በኋላ «ከእንግዲህ በጠዋት እኔን አትቀስቅሺኝ» ብሎ የክፍሉን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ማክሰኞ በሩን ራሴ እከፍታለሁ።