በጾም የተገዛ እንቁላል

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የአዋሳ አየር ተስማማሽ ወይ? የጤና ትምህርቱስ ከበደ ቀለለ? እኔ አባትሽ አንቺን ካለማየቴ በቀር የጎደለብኝ የለም። ዝናቡ በጊዜው ዘንቦልናል፤ የጓሮው ማንጎ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ጉልበቴም ዳገት ይወጣል። ስለ ጉልበቴ የምነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለምና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

በጥር ወር የላክሽው መመሪያ ደርሶኛል። መመሪያ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው መመሪያን ከደብዳቤ ለይቶ ያውቃል። ለጥምቀት ታቦት ስንሸኝ ራሴን አዙሮኝ መንገድ ዳር መቀመጤን ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም። ጎረቤቴ ኤርጫፎ ነው። አንቺም «አባባ፣ እንቁላል በየቀኑ መብላት በአንተ ዕድሜ መርዝ ነው፤ ደም ሥር ይደፍናል፤ ከዛሬ ጀምረህ ተው» ብለሽ ጽፈሽ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።

አንድ ነገር ግን አልጠየቅሽኝም፤ ለምን በየቀኑ እንቁላል እንደምበላ። እናትሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው። አንቺ እዚህ ሳለሽ ትሠሪልኝ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በእጄ የሚሠራልኝ ምግብ እሱ ብቻ ነው። ውኃ ማፍላት እችላለሁ፤ በፈላው ውኃ ውስጥ ሁለት እንቁላል ማስቀመጥም እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥበብ ከእናትሽ ጋር ሄዷል።

እንቁላሉን የምገዛው ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ወርጄ ከወይዘሮ ሸዋነሽ ነው። አታውቂያትም። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል፤ እሷ ከገበያው ጀርባ ዶሮ ታረባለች። በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ በታክሲ ወርጄ የሳምንቱን ገዝቼ እመለስ ነበር። ሴቻስ እንቁላል አይሸጥም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ይሸጣል፤ ግን ትኩስ አይደለም። ትኩስ አለመሆኑን ገዝቼ አላረጋገጥኩም።

መመሪያሽ እንደደረሰኝ ተውኩ ብዬ አልዋሽሽም። አልተውኩም። እያጉረመረምኩ ሁለት ሳምንት በላሁ። ከዚያ የካቲት አሥራ አንድ ዐቢይ ጾም ገባ፤ አንቺን ያቃተሽን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ፈጸመችው። ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል በአፌ አልዞረም። ከምግብ ቤት የማስመጣው ሽሮ፣ የሀለኮ ቅጠል፣ ሙዝ፣ ደግሞ ሽሮ። ምን ያህል ታዛዥ አባት እንዳለሽ እይ።

ኑዛዜዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መብላቱን ተውኩ እንጂ መግዛቱን አልተውኩም።

ሳቂ፣ ግድ የለም። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ለዶሮዎቿ ጥሬ ስትበትን ደረስኩና ስታየኝ እጇ በአየር ላይ ቀረ። «አቶ ጌታነህ፣ እርስዎ አይጾሙም እንዴ?» አለችኝ። እኔም ለጎረቤቴ ለኤርጫፎ ነው፣ እሱ የጸሎት ቤት ሰው ስለሆነ የእኛን ጾም አይጾምም፣ አልኳት። «ታዲያ ጎረቤትዎ እግር የለውም?» አለች። ሁለት እንቁላል በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ መታጠፊያው ድረስ ሳቋ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱም ሄድኩ። በጾም ገዢ ይጠፋል፤ ዶሮ ደግሞ አይጾምም፤ እንቁላሉ ተከምሮባት ስለነበር እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት። የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መግዛት አይቻልም ወይ ካልሽ፣ ይቻላል፤ ግን እንቁላል ይሰበራል። ታክሲም አልያዝኩም፤ ቶሎ ያደረሰ ቶሎ ይመልሳላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔ እንቁላል ግን እኔኑ በእግሬ አስኬደኝ።

ስለ ዶሮ በሽታ እናወራለን፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ስለ እናትሽም ነግሬያታለሁ። ስለ እሷ ሳወራ ማንም እንደ ሸዋነሽ ጸጥ ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ዓርብ ቀን እንቁላሌን ይዤ ዳገቱን ስወጣ የነፍስ አባታችን አባ ገብረእግዚአብሔር ፊት ለፊት ገጠሙኝ። በዐቢይ ጾም፣ በዓርብ ቀን፣ እንቁላል! አንድም አልቀመስኩም፣ የሚበላው ኤርጫፎ ነው፣ ብዬ ተንተባተብኩ። እሳቸው ጋዜጣውን አዩ፤ ጫማዬን አዩ፤ ለካ ቀለም ተቀብቶ ነበር። «አለመብላትህን አምናለሁ» አሉ። «ታዲያ ሲቀላ የምትመላለሰው ምን ልትገዛ ነው?» መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አለፉ።

አሁን አንቺን ወደሚመለከተው ወደ ጤናው ልምጣ። ኤርጫፎ በጾሙ ከመቶ የማያንስ እንቁላል በልቷል። በፋሲካ ሳምንት ግን ፍርሃት ያዘው። «ልጅህ መርዝ ነው ያለችውን ለእኔ ስታበላ ከረምክ። ና እንግዲህ፣ አብረን እንታይ» ብሎ ጎትቶ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ጠና ያለች ነርስ ለካችን። የእሱ ደም ግፊት ደህና ነው። የእኔም በጥር ከተለካው በጣም ወርዷል።

«እንቁላል ስለተውክ ነው» ልትዪ ብዕር እንዳነሣሽ አውቃለሁ፤ ቆይ አንዴ። እኔም ያንኑ ጠየቅኳት። እሷ መልሳ እንቁላሉን በምን እበላው እንደነበር ጠየቀችኝ። በዳጣ፣ አልኳት፤ ቃሪያውም ጨውም በዛ ያለ፣ ሁለት ማንኪያ። ራሷን ነቀነቀች። በጾሙ የሚነከር ስላልነበረ ዳጣውም ተረስቶ ነበር። ቀጥላ ሌላ ምን አዲስ ነገር እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ። በየቀኑ ከሴቻ ሲቀላ በእግሬ እወርዳለሁ፣ በእግሬ እወጣለሁ፣ አልኳት። «አባቴ፣ በቀን አንድ እንቁላል አይጎዳዎትም። የጎዳዎት ጨውና መቀመጥ ነው። በየወሩ እየመጡ ይለኩ፤ መንገዱን ግን እንዳይተዉ» አለችኝ። ኤርጫፎ ግድግዳውን ደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። የአንቺ መጽሐፍ ሌላ ይል ይሆናል፤ እናንተ የተማራችሁት ተስማሙና ንገሩን።

ከዚያው ቀጥ ብዬ ወርጄ ለሸዋነሽ ነገርኳት። ደስ አላት። ከዚያ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «አቶ ጌታነህ፣ ሃምሳ አምስት ቀን የማይበሉትን ሲገዙ ከረሙ። አሁን ጾሙ ተፈታ። እንግዲህ ምን ልንል ነው?» አለችኝ። ልጄን ሳልጠይቅ የምናገረው የለኝም፣ አልኳት። «ይጠይቋታ» አለች። «ዶሮዎቹም እኔም የትም አንሄድም።»

ስለዚህ እየጠየቅኩሽ ነው። ዳልጮ አናጢው ከአጥሩ ሥር የዶሮ ቤት ጀምሮልኛል፤ ለአሥራ ሁለት ዶሮ የሚበቃ። ዶሮ ከለመደችው ሰው ስትለይ መጣል ታቆማለች ይላሉ። የእኛም ቤት ለአንድ ሰው ሰፊ ነው። የእናትሽ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት አይነሣም፤ ይህን ቀድማ የተናገረችው ሸዋነሽ ናት። ልጄ፣ ጸጥታው ከብዶኝ ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም። አሁን ጠዋት ስነሣ እያፏጨሁ ነው።

እንቁላሉን ተው ካልሽኝ ዛሬውኑ እተዋለሁ፤ ተችሎም አይተሻል። መንገዱን ተው እንዳትዪኝ ግን እለምንሻለሁ። ብትዪኝም እታዘዛለሁ፤ አንቺን አስከፍቼ የምደሰተው ደስታ አይኖረኝም። መልስሽ ቶሎ ይድረሰኝ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እሑድ ጥሩ ቀን ነው ብለውኛል አባ ገብረእግዚአብሔር። ያለ አንቺ ምንም አይደረግምና ድረሺ። አዲስ ቀሚስም ይዘሽ ነይ።

ደብዳቤውን ያመጣልሽ ሰው አንድ ካርቶን እንቁላልም ይሰጥሻል። እኔ ብደረድረው ኖሮ ሶዶ ሳይደርስ ይሰበር ነበር። በጭድ አድርጋ አንድ በአንድ የደረደረችው፣ «ተማሪ አይደለች፣ ከስታ ይሆናል፤ በየቀኑ አንድ አንድ ብትበላ ምን ትሆናለች?» እያለች ነው።

የእናትሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የምታክሚው ሁሉ በእጅሽ ይዳን፤ እኔንም ለምርቃትሽ ቀን ያብቃኝ።

መልስሽን በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ

አባትሽ