ቱርቦውን ያቃጠልከው አንተ አልነበርክም

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛውን ክረምት ጨረስን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። ወንድሜ ማርቆስ መንጃ ፈቃድ አወጣ። የገሱባ መንገድ አሁንም እንደተቦረቦረ ነው። ጭነት መኪናህ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንሰቱ አጠገብ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር።

መካኒኩ ዳና ያለህን አልረሳሁም። መኪናው ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ዳገት አልወጣ ያለ ጊዜ፣ መናኸሪያው መሀል፣ ሹፌሮቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ጋሼ፣ መኪና እኮ እንደ በሬ አይገረፍም። ቱርቦውን ያቃጠለው የእርስዎ እግር ነው» አለህ። ሳቁብህ። አቀርቅረህ ቁልፉን ኪስህ ከተትክ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥክም። ታመህ ተኝተህ እንኳ «በገዛ እጄ አበላሸሁት» ትል ነበር።

የአውቶ ሙያ ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ እኔና ማርቆስ ግቢ ውስጥ ጆንያ አንጥፈን ለሞተሩ አየር የሚገፋውን ቱርቦ ፈታነው። የገማ ዘይት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ፤ ሽታው ብቻ ያስመልሳል። ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ተበልቶ አልቆ ዘንጉ በጣቴ ስነካው ይንገጫገጫል። ወደ ቱርቦው ዘይት የሚያደርሰውን ቀጭን ቱቦ ደግሞ ፈትቼ ወደ ብርሃን አነሳሁት። ማሸጊያው ጓርኒሲዮን መግባት በነበረበት ቦታ ሲሊኮን ተለቅልቆበታል፤ ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው ደርቆ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ዘይት ያላገኘ ኩሽኔታ እንዴት ይኖራል? ጭሱ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንት በፊት ያንን ቱቦ ፈትቶ የገጠመው ዳና ራሱ ነው።

ቱቦውን ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። አየው፤ አላፈረም። ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ፣ «ያኔ ጓርኒሲዮን ከየት ይመጣል? ደግሞስ ሰውየው ሞተዋል፤ አሁን ማንን ይጠቅማል?» አለኝ። ለቅሶህ ላይ ከዘመድ በላይ የጮኸው ይህ ሰው ነው! ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ። ጋራዡ ደጃፍ ምራቄን ተፍቼ ወጣሁ።

ከእሱ ይልቅ የጠላሁት ግን ራሴን ነው። መናኸሪያው ውስጥ የሳቁብህ ቀን ቤት እንደገባን፣ «አባዬ፣ እውነቱን እኮ ነው፤ ትቸኩላለህ» ያልኩህ እኔ ነኝ። የቦምቤን ዳገት ዝንጅብል ጭነህ ስትወጣ ሞተሩ ሳይጨነቅ ማርሽ ስትቀንስ፣ ከደረስክም በኋላ ቱርቦው እስኪበርድ ሞተሩን ሳታጠፋ ስትጠብቅ፣ ጋቢና ውስጥ ከጎንህ ተቀምጬ አይ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ትቼ የዳናን አፍ አመንኩ።

ቀዳዳዎቹን ሁሉ በናፍጣ አጠብን። አዲስ ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን አስገባን፤ ሞተሩን ከማስነሳታችን በፊት ቱርቦው ውስጥ በእጄ ዘይት ሞላሁበት። መጀመሪያ ትንሽ አጨሰ፤ ከዚያ ጠራ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ባለፈው ሳምንት ማርቆስ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገቱን ወጣ። የተደፈነውን ቱቦ ለሹፌሮቹ አሳየኋቸው። ሁለቱ እያገላበጡ አዩት፤ ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዳቸውም ይቅርታ አላሉም።

እኔ ግን ልበልህ፦ ይቅር በለኝ። አንገትህን ደፍተህ የሄድክበት ጥፋት የአንተ አልነበረም። በዓይኔ ያየሁትን በሕይወት እያለህ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ዘገየሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስምህ በተነሳበት ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ፤ ዳግመኛ የሰው አፍ አምኜ አልፈርድብህም።

ልጅህ