ለወተት ሻጯ ከጎን የበራ መብራት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ተቀይሜሃለሁ። እናቴ የሥራ ክፍልህን ለልብስ ሰፊ አከራይታዋለች። መሮዎችህን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ እኔ ጋ ናቸው።

የእንጨት ቅርጾችህን ሙዚየም ወሰዳቸው። ነገ ለሕዝብ ይታያሉ። ሳትሞት እንዳዘዝከው መብራቱ በሙሉ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር። «ጥላ አልወድም» ብለሃቸዋል አሉ። ጥላ አልወድም! እነሱን አታለልክ እንጂ እኔን አላታለልክም። ፊት ለፊት ሲበራ እንጨቱ ለጥ ብሎ ይታያል፣ የመሮው ዱካ ይጠፋል። የፈለግከውም ይህንኑ ነው።

ልጅ ሳለሁ በግራ እጄ እርሳስ ስይዝ ጣቶቼን በማስመሪያ ትመታኝ ነበር። ቀኝ እጅህ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ያው ግራዬ አስፈለገህ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያመጣውን ግንድ እየጎተትን አስገባን፤ ከጀልዴሳ ገጠር ወተት ይዛ መጋላ ገበያ የምትመጣውን ሴት ከዚያ ግንድ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ በር ዘግተህብኝ። ሰው ሲመጣ «ሻይ አምጪ» ትለኝና አንተ አጠገቧ ቆመህ ትመሰገን ነበር። የእንጨቱን ክር በጣቴ ማወቅ ያስተማርከኝም አንተ ነህ። ይህን መካድ አለመቻሌ ራሱ ያበሳጨኛል።

ትናንት አብዲ የሚባለው የመብራት ሠራተኛ መሰላል ላይ ሳለ የወተት ሻጯንና ከአጠገቧ የቆመውን ያንተን ቅርጽ መብራት ወደ ጎን እንዲያዞርልኝ ጠየቅኩት። ሲያዞረው የሻሿ እጥፋት፣ የጉንጯ አጥንት፣ የመሮው ዱካ ሁሉ ብቅ አለ። በአጠገቧ ባለው ቅርጽ ላይ ያንተ ዱካ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል፣ በእሷ ላይ ያለው በተቃራኒው። «ወላሂ፣ አባትሽ ግራኝ ነበር እንዴ?» አለኝ። አይደለም፣ ግራኟ እኔ ነኝ አልኩት።

እናቴ የሟች ስም አታጉድፊ ብላ አለቀሰች። አዘንኩላት፤ ግን አላፈገፈግኩም። ለሙዚየሙ ኃላፊ ሁሉንም ነገርኳት፣ መሮ ይዤም ሠርቼ አሳየኋት። ከወተት ሻጯ ሥር የተለጠፈው ስምህ ተነሥቶ የእኔ ገብቷል። የቀሩት ያንተ ናቸው፤ አልነካኋቸውም።

ደስታዬ ግን ጎዶሎ ነው። ስሜን ስታነብ ፊትህን ማየት ነበር የፈለግኩት፤ አንተ ቀድመህ ሄድክ። አልረሳህም አባዬ። አንድ ጊዜ እንኳ «የልጄ ሥራ ነው» ሳይል የሞተ አባት እንዴት ይረሳል?