የፊቱ ሌንስ ወይስ የቅርቡ

ታድዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለህም። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ለማለት ያህል። ማርታችን ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። እንዳንተ ግራኝ ናት፤ አስተማሪዋ በቀኝ እጇ ሊያስጽፋት ታግሎ ታግሎ ደከመውና ተዋት። ፎቶ ቤታችን ሩዋንዳ መንገድ ላይ እዚያው ናት፤ አልዘጋኋትም። ጎረቤታችን ከሰል ሻጯ ወደ ላምበረት ስለሄደች ቦታዋን ልብስ ሰፊ ይዞታል፤ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጫቅጭ ይውላል። ዝም ካለው ቤት እሱ ይሻላል ብዬ ችዬዋለሁ።

የምጽፍልህ ላማክርህ ብዬ ነው። ምክሩ ጊዜው አልፎበታል፤ ቢሆንም ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ነገሩ የሌንስ ነው።

ሥራችንን እንዴት እንደተካፈልን ታውቃለህ። አንተ ታነሳለህ፣ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ አጥባለሁ። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲበስል በዓይኔ አውቀዋለሁ፤ ስለ ሌንስ ግን የማውቀው አንተ እራት ላይ ስትለፈልፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው አንድ ሌንስ ነበረን፤ ስታማው ኖርክ። ሰው ፊት ጠጋ ሲሉበት አፍንጫ ያሳብጣል፣ ራቅ ሲሉ ደግሞ የጀርባውን ግድግዳና መጋረጃ ሁሉ ይሰበስባል ትል ነበር። ሁለት ሌንስ ትመኝ ነበር፤ አንዱ ራቅ ብለህ ቆመህ ፊትን ብቻ የሚያመጣልህ፣ ሌላው ጥቃቅን ነገር አፍንጫ ሥር ሄደህ የምታነሳበት። በዚህ በሁለተኛው፣ የቅርቡ በምንለው ሌንስ ምኞት እሑድ እሑድ ቦሌ ቡልቡላ ድረስ ታስኬደን ነበር። ባቄላ ማሳ ውስጥ በሆድህ ተኝተህ፣ በማይደርስልህ ሌንስ ንብ ስትጠብቅ፣ የማሳው ባለቤት ኦቦ ቶላ ሰው የወደቀ መስሏቸው ውኃ ይዘው እየሮጡ መጡ። ንብ እየጠበቅክ መሆኑን ስትነግራቸው እኔን ነበር በሐዘኔታ ያዩኝ። ያን ቀን የሳቅኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ሶስና፣ ሆስተሷ፣ ከውጭ አንድ ሌንስ ላመጣልሽ እችላለሁ አለችኝ። አንድ ብቻ። ሁለት ከተገኘባት ነጋዴ ነሽ ብለው ከሥራዋ ያፈናቅሏታል። ሳልበርር ወስነሽ ንገሪኝ ብላኝ ሄደች። አንተ በሕይወትህ ሙሉ ያላገኘኸው ዕድል እኔ እጅ ገባና፣ ምን እንደማደርገው የማላውቅ ሰው ሆንኩ።

መጀመሪያ የፊቱን ነበር ያልኩት። ብሔራዊ ውትድርና የደረሳቸው ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ፀጉራቸው ተላጭቶ ጆሯቸው ብቻ ቀርቶ። ሰው ሲሄድ ፊቱን በደንብ ትቶ ይሂድ ትል የነበረው አይረሳኝም። በቃ፣ የታድዬ ፍላጎት ይህ ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። ከዚያ እትዬ ዘነቡ መጡ።

እትዬ ዘነቡን አትረሳቸውም፤ ከጓሯችን ያሉት ጎመን ሻጯ፣ ላንተ ሲሆን ጎመኑን ከመሀል እየመረጡ የሚያስሩልህ። የትልቁ ልጃቸው የግርማ መርዶ ከግንባር መጣ። ሬሳ የለም፤ ልብሱ ተዘርግቶ ነው የተለቀሰው። ከልብሱ ሌላ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያው ላይ በስቴፕለር የተያያዘው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። መንገድ ዳር በሳጥን ካሜራ የተነሳው፣ ያኔውኑ የደበዘዘ፣ ማኅተሙም አገጩንና አንድ ጉንጩን የበላው። ያቺ ብጣሽ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ ከኋላ ያለው ለቀስተኛ ለማን እንደሚያለቅስ እንኳ ሳያይ አለቀሰ። ለሙት ዓመቱ ድንኳኑ ውስጥ በትልቁ እንዲሰቀልላቸው ፈለጉ። በአሮጌው ሌንስ ሞከርኩ፤ ጠጋ ስል ይደበዝዛል፣ ጥርት እንዲል ራቅ ስል ደግሞ ፊቱ የምስር ፍሬ ያክላል። እሳቸውም ካሜራውን አየት አድርገው፣ ለዚህ ሌላ ዓይን የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? አለው፣ ሊመጣም ይችላል። ሶስና ዘንድ ሄጄ የቅርቡን አምጪልኝ አልኳት። ወደ ቤቴ ስመለስ የፊቱ ይሻላል ብዬ ወደ እሷ ዞርኩ፤ ደግሞ ትቼው ሄድኩ። እስከ ዛሬ ሰው ርቆኝ እንጂ ቀርቤው አጥቼው አላውቅም፤ ቀረብ ካልኩት አገኘዋለሁ ብዬ ነው።

ሌንሱ በስቶኪንግ ተጠቅልሎ መጣ። ብታየው ታለቅስ ነበር። መታወቂያውን መስኮቱ ሥር ዘርግቼ አነሳሁት፤ ፊልሙን አጥቤ ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩና ቀይዋ መብራት ሥር ግርማን ጠበቅኩት። የመጣው ማኅተሙ ነው። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝገት መጣ፣ የወረቀቱ ክር አንድ በአንድ መጣ። ዓይኑ ጭጋግ ሆነ። ባጎላሁት ቁጥር እሱ እየራቀ ሄደ። ሌንስ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ከየት ያመጣል? አንተ ብትኖር ጉርሻህን ሳትውጥ የምትነግረኝን እኔ ሌንሱ ከመጣ በኋላ አወቅኩት። አንተ ታደርግ እንደነበረው በእርሳስ ልነካካው ሞከርኩ። ዓይን ሠራሁለት። ቀና ብዬ ሳየው የሠራሁት ዓይን ያንተ ነው። ደንግጬ አጠፋሁት፤ ከዚያም እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ለግርማ ይሁን ላንተ ሳልለይ።

እትዬ ዘነቡ ሲመጡ የወጣውን ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ይዘውት ሄደው በብርሃን አዩት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማኅተሙ ጥሩ ወጥቷል» አሉኝ። «ልጄስ?»

ወንበር ሰጠኋቸው፤ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲነሱ መታወቂያውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ ሁለተኛውን ልጃቸውን ሽመልስን በእጅጌው ይዘው። እሱም ውትድርናው ደርሶታል። ሁሌ ደጅ ሆነው ከነቤተሰቤ የሚጠይቁኝ ሴትዮ ያን ቀን ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ ገቡ።

«ይሄኛውን አሁኑኑ አንሺልኝ» አሉኝ። «በትልቁ።»

ልጁ አፍሮ ሳቀ። የፊቱ ሌንስ የለኝም፤ ያለኝ የቅርቡ ነው፤ በእሱ አነሳሁት። የሰው ፊት ያነሳል ለካ፣ ምሕረት ግን አያውቅም። ከቅንድቡ በላይ ያለችው የድንጋይ ጠባሳ፣ ገና የሚያቆጠቁጠው ጺሙ፣ ግንባሩን የሞላው ብጉር፣ አንዱም አልቀረ። በትልቁ አጥቤ ሰጠኋቸው። እናቱ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ሽመልስ ግን ብጉሬን ሁሉ አወጣሽው፣ በእርሳስ አጥፊልኝ ብሎ ተነጫነጨ። ስትመለስ አጠፋልሃለሁ አልኩት። ሰኞ ሄደ።

ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? በር ዘግቼ አላስቀረው፣ ማንን ሄጄ አልለምን። የፊቱን አንድ ፀጉር ሳላስቀር ያዝኩት፤ ልጁን ግን በሸሚዙ ጫፍ እንኳ መያዝ አልቻልኩም። ሁሉም ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ቀና በል እላቸዋለሁ፣ ይወጣሉ። ያኔ የፊቱን አስመጥቼ ቢሆን የሚለወጠው የፎቶው ማማር ብቻ ነበር።

አንተን አስታውስሃለሁ። ካሜራ ሳትይዝም፣ ወጥ ስትቀምስ እንኳ ግራ ዓይንህን የምትጨፍነውን፣ ማታ ስትገባ እጅህን የምታሞቀው አንገቴ ላይ መሆኑን፣ ለማርታ ነግሬያት እስክጨርስ ብቻ ሳይሆን እስክሞት አስታውሳለሁ፤ ይህን ቃል ልገባልህ አይከብደኝም። ለሽመልስ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገባም፤ አንተም ካለህበት ሆነህ ለምንልኝ። ተመልሶ ይምጣና በብጉሩ ይጨቃጨቀኝ።

ያንተው
አስቴር