የተዘቀዘቀው ሥዕል

ይድረስ ለካሳይ፤ ደሴ

እንደምን ከርመሃል? ትናንት ካዛንቺስ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን አየሁ። ሠዓሊዋ ሲምረት ከነጭ፣ ከጥቁርና ከአመድማ ሌላ ቀለም አትነካም፤ የምትሥለውም አራት ማዕዘንና መስመር ብቻ ነው። አንዱ ሥዕል ሙሉ ነጭ ሆኖ የላይኛው ጫፉ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉት። እኔም የሥዕል መምህር አይደለሁ፣ አስተያየት መስጫው ላይ «ሚዛኑን የጠበቀ» ብዬ ጻፍኩ።

አዘጋጁ ኢያቄም ግን መሰላል ይዞ መጣ። «ሲሙ፣ ይሄ እኮ ተገልብጧል! ካታሎጉ ላይ መስመሮቹ ከታች ናቸው።»

«ተወው፤ እኔ ነኝ እንደዚያ የሰቀልኩት።»

«ማለቴ፣ እንግዳው ስህተት ይመስለዋል፤ በቃ ላስተካክለው» ብሎ መሰላሉ ላይ ወጣ።

ዝናብ ሊያሳልፉ የገቡ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ የሰፈሩ አዛውንት ሥዕሉን ቀና ብለው አዩት።

«እንደ ሐዘን ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። ማን ሞተብሽ፣ ልጄ?»

«እናቴ» አለች ሲምረት። «ሁለት ሳምንቷ ነው። መቀሌ ተቀበረች፤ አልደረስኩም።»

ኢያቄም ከመሰላሉ ወርዶ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። እማማ ደብሪቱ ወንበር ስበው ሥዕሉ ሥር ተቀመጡ፤ እኛም አንድ በአንድ ተከተልናቸው። ደሴ ቢሆን ገና ድሮ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክልላት ነበር፤ እዚህ ግን ሸራውን የወጠረችው ሐዘንተኛዋ ራሷ ናት።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ልደትንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። እናትህን ሁልጊዜ በሰላምታ ብቻ ነበር የማልፋቸው፤ አሁን ግን ጎንበስ ብለህ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ምንዳዬ