«እዚህ ግባ አይባልም» ያልኩት የመምህር ዳልጮ ሥራ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእታለም ዓለምጸሐይ፣

ሰላምታውን ከማድረሴ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ውስጥ እኔ ወንድምሽ፣ የልጅ አባት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሙዝ ክምር ኋላ ቁጢጥ ብዬ ተደብቄ ነበር። ከፖሊስ አይደለም፣ ከአበዳሪም አይደለም። ከመምህር ዳልጮ ነው። አዎ፣ ሦስተኛ ክፍል ካስተማሩን፣ አንቺን «የኔ ፀሐይ» ይሉሽ ከነበሩት ሰው። ምክንያቱን እስክነግርሽ ድረስ ግን ወጉ ይቅደም።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የሁመራ ሙቀት በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? ጋሽ ፈቃደን ወገባቸው ተሻላቸው? ሀሌሉያና ቴዎ ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። እማዬ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበቷን ይነዝራታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ልጃችን ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ እየነከሰች ነው። የጫኖ ማንጎ ዘንድሮ ሞልቶ ተርፏል፤ እዚያ ሆነሽ ባታስቢው ይሻላል።

ወደ ጉዴ ልመለስ። በትርፍ ሰዓቴ የምሠራት የኮምፒውተር ነገር ነበረች፤ «ደመወዝ የሌለው ሥራ» ብለሽ የሳቅሽብኝ። እሷው ናት ያዋረደችኝ። በኮምፒውተር ጋሞኛ ስትጽፊ ማሽኑ ቋንቋውን ስለማያውቀው ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ቀይ መስመር ያሰምርበታል። አንድ ገጽ ጨርሰሽ ቀና ስትይ ገጹ በሙሉ ቀይ ነው፤ ቋንቋው ከነነፍሱ ስህተት ይመስላል። መምህር ዳልጮ ጡረታ የወጡ ሰሞን ይህን አይተው «ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ ዛሬ ማሽን የእናቴን አፍ ልታርም?» ብለው ተነሡ። ከጨንቻ ደጋ እስከ ጫኖ ቆላ እየዞሩ ቃላቱን ሰበሰቡ፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዲያውቃቸው አድርጌ ፓኬጅ በሚሉት አንድ ጥቅል አሰናዳሁት። የፈለገ ሰው ከኢንተርኔት በነፃ ያወርዳል፣ ሲበላሽበት ለእኔ ይጽፋል፣ እኔ አስተካክላለሁ። አለቃ የለው፣ ከፋይ የለው፤ ዓመታት እንዲህ ሄደ።

አሁን ግን ልጅ መጣ፣ ሥራው በዛ፣ ኮምፒውተሬም አርጅቶ ሲነሣ ያስላል። እኔ አንድ ነገር ብሆን ፓኬጁም አብሮኝ ይቀበራል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ኦፕን ሶርስ ከሚሏቸው ፕሮጀክቶች ለአንዱ ላስረክበው ወሰንኩ። ኦፕን ሶርስ ማለት እንደ ደቦ በይው፤ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች አሠራሩን ለማንም ክፍት አድርገው፣ በፈቃዳቸው እየተጋገዙ የሚያርሙት ሶፍትዌር ነው። እነዚህኞቹ ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም ይሠራሉ። ከተቀበሉን ጋሞኛ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይወጣል፤ በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህር ሳይለፋ ያገኘዋል። መምህር ዳልጮ ይህን ሲሰሙ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ያልነገሩት ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር አውርተዋል፤ ባለቤቴ ሚሪያም «ሟቹን ረስተውት ነበር» ብላ ትምላለች።

እኔም የማስረከቢያውን ደብዳቤ ሁሉም አባላት በሚያነቡት የጋራ የኢንተርኔት መድረካቸው ላይ ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬን አሳምሬ፣ አስተዳደጋችንን ጨምሬበት። እንዴት እንዳደግን ታውቂያለሽ። እንግዳ የእማዬን ወጥ «ይጥማል» ካለ «ኧረ እንዲያው ለስሙ ነው» ትላለች፤ አዲስ ቀሚስሽን ያደነቀልሽን «አሮጌ ነው» ካላልሽው ቁንጥጫ አለ። በዚያው ወግ «ይህ ሥራ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እኛ አላዋቂዎች እንዲያው ስንሞክር ነው፤ ስህተት ሞልቶበታል፤ ብትጥሉትም አንቀየምም» አልኩ። አንዱ እንዲህ ሲል ሌላው «ኧረ በጭራሽ፣ ግሩም ነው እንጂ!» ማለት አለበት አይደል? እኔ ያንን ነበር ቁጭ ብዬ የምጠብቀው።

አንድ ቀን መምህር ዳልጮ ደወሉ። የጡረታ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ሲቀላ ኢንተርኔት ቤት ገብተዋል፤ «ስማችን የወጣበትን ገጽ ናና አሳየን» አሉኝ። ስደርስ ገጹ ተከፍቷል። ቤቱን የምትጠብቀው ሰሊሆም የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ናት፤ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። «ተርጉሚልን» አሏት። ዜና እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮዋን ጠርጋ «የጋሞኛ አጻጻፍ ማረሚያ፤ ቃላቱን ያሰባሰቡት መምህር ዳልጮ» ስትል ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ቀጠለች፤ «ለአገልግሎት የማይበቃ ስለሆነ ከሚቀጥለው የፕሮግራሙ እትም ተሰርዟል።» ጭብጨባው ቆመ። መምህር ዳልጮ «ማነው የማይበቃ ያለው?» አሉ። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ «ያስረከበው ሰውዬ ራሱ ነው ጋሼ፤ ስሙ ደግነት ይላል» አለች።

እታለም፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌዎቹ እኔን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ወጡ። መምህር ዳልጮ አልጮኹብኝም። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ ዞር ብለው «ደግነት፣ ልጅህን ስትድር ‹ቂል ናት› ብለህ ነው የምትድራት?» አሉኝና ሄዱ።

ለእማዬ ብነግራት «ታዲያ ምን በል ነው የሚሉህ? ‹እኔ ጎበዝ ነኝ› ብለህ ፎክር? ባለጌዎች!» ብላ ካላየቻቸው ፈረንጆች ጋር ጠብ ገጠመች። ሚሪያም መጀመሪያ ስቃ ስቃ ሲበቃት «ራስህን ብታሳንስ መብትህ ነው፤ የሰውየውን ልፋት አሳንስ ያለህ ማነው?» አለችኝ። ይህቺ ናት አጥንቴ ድረስ የገባችው። ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ የሰው ስም ረግጫለሁ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው የሚሳፈሩበትን ሚኒባስ እያሳለፍኩ በእግሬ ሴቻን ወጣሁ፣ ያለፉበትን መንገድ እየዞርኩ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ግን ገበያው መሐል ፊት ለፊት መጡብኝ፤ ያገኘሁት ከለላ ሙዙን ብቻ ነው። ከዘራቸው ሲያንኳኳ ይሰማኛል። ቀረበ፣ ቀረበ፣ ቆመ። ሙዝ ሻጯ ወርቂቱ «ኧረ ጋሼ ውሰዱልኝ፣ ገዢ እያባረረብኝ ነው!» ብላ አጋለጠችኝ። እሳቸውም «ተነሥ ደግነት፣ ሙዙ አጭር ነው፣ ራስህ ይታያል» አሉ። ገበያው ሳቀ። እኔም እዚያው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ለፕሮጀክቱ ኃላፊ በግሏ ጽፌ፣ ነገሩን ቀስ ብዬ ላቃናው አልኳቸው። አይሆንም አሉ። በጋሞ ደንብ ነገር የሚፈታው ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት አደባባይ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። «የበደልከው አደባባይ ላይ ነው፤ በጓሮ በር ገብተህ አትታረቅም» አሉኝ። ቀጥለው «ካስፈለገም እንደ አስታራቂ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዤ አጠገብህ እቆማለሁ» ብለው ሲስቁ እኔ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ አብረን ጻፍን። «ጥሩ ነው በል» አሉ። «‹ደህና ነው› ብል አይበቃም ጋሼ?» አልኩ። «ጥሩ ነው!» እኔ «በመጠኑ» ለማለት ስሞክር በከዘራቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ ያደርጋሉ። «ምናልባት» ስል ይነካሉ። እንዲህ እየተነካሁ ጻፍኩት፤ ፓኬጁ ጥሩ እንደሆነ፣ እንደሚሠራ፣ መምህር ዳልጮ ቋንቋቸውን ጠንቅቀው እንደሚያውቁ፣ ቀድሞ ያልኩት በይሉኝታ የተነገረ ውሸት እንደነበረ። የሚያውቁት ሰው ፊት ቀርቶ ባዕድ ፊት እንኳ የራስን ሥራ «ጥሩ ነው» ማለት እንዴት እንደሚከብድ! ስድብ ብጽፍ እንዲያ አላፍርም ነበር። «ላክ» የሚለውን ስጫን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ግሎ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው «አሁን ዳርካት» አሉ።

መልስ ገና አልመጣም። ለዚህ እትም በሩ የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ካለፈን ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው፣ እሳቸው ደግሞ የመጠበቅ ዕድሜ ላይ አይደሉም። በየቀኑ ኢንተርኔት ቤት ይሄዳሉ። ሰሊሆም ገና ከበሩ ስታያቸው ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሳቸውም «ገና ነው» ብለው እንዳላየ ሰው ይቀመጣሉ። ጓደኞቻቸው ስለ ፓኬጁ መጠየቅ ትተዋል። እኔን የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው፤ ይቅር ቢሉኝም ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

ጋሽ ፈቃደን ከአክብሮት ጋር ሰላም በይልኝ፤ ወገባቸውን ሙቅ ነገር ይያዙበት። ሀሌሉያን ግንባሯን፣ ቴዎን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። እማዬ «ጻፊልኝ፣ ሳልሞት» ብላለች፤ ይህን በየደብዳቤው እንደምትል ታውቂያለሽ፣ ግን ጻፊላት። ሚሪያም አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። መምህር ዳልጮም «የኔ ፀሐይ እንደምን ናት?» ብለዋል። ጉዴን ለአንቺ እንደምጽፍ ሲሰሙ «ሁሉንም ጻፍላት» ነው ያሉት።

የፈረንጆቹ መልስ የመጣ ቀን፣ ቢቀበሉንም ቢመልሱንም፣ ሳላሳምር ሳላሳንስም እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

ወደ አንቺ አገር በሚጫነው በሹፌሩ በአለምሰገድ መኪና የደረቀ የሽፈራው ቅጠልና አንድ ጠርሙስ የቃሪያ ዳጣ ልኬልሻለሁ። ልማዴ ቢሆን «ምንም አይደለም፣ እንዲያው ለስሙ ነው» እልሽ ነበር። ዳጣው ጥሩ ነው፣ እታለም። ሚሪያም ናት የሠራችው። በጣም ጥሩ ነው።

ወንድምሽ ደግነት
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ሰኔ 7 ቀን 2004 ዓ.ም.