ለባሕር የተላከ ሽማግሌ

ውድ ልጄ ብሩክታዊት፣

ይህን ደብዳቤ የምታገኚው እናትሽ ከላከችልሽ ቆሎ ሥር ነው። ቆሎውን ለጓደኞችሽ ስታድዪ ወረቀቱን አብረሽ እንዳትሰጪብኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ስትቆጥሪ ዲያቆኑን ምን ያህል እንዳስለፋሽው ስለማስታውስ በትልልቁ ጽፌልሻለሁ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ስልክ እያለ ትዪኝ ይሆናል። ጀልባው ላይ ስልክሽ አይሠራም፤ ቢሠራም አንቺ በእንግሊዝኛ ስትመልሺልኝ እኔ ልል የነበረው ይጠፋብኛል።

ሚያዝያ ላይ ከኮሌጅ መጥተሽ፣ ሞንተሬ ባሕር ላይ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ከሚቆጥሩና ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ሰመሩን፣ ኮሌጅ የሚዘጋበትን ወራት፣ በበጎ ፈቃድ መሥራት እንደምትፈልጊ ስትነግሪን የሰጠሁሽን መልስ አልረሳሁትም። «የሚቆጠሩት ሊሸጡ ነው ወይስ ሊቀረጡ?» አልኩሽ። ሳቅሽ፤ እኔ ግን እምቢ ማለቴ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ «ዳድ፣ ኢትስ ሪሰርች»፣ ምርምር ነው ብለሽ የዓሣ ነባሪ ጅራት ፎቶ አሳየሽኝ። ጅራታቸው እንደ ሰው አሻራ እንደሚለያይ፣ ማን የት እንደሄደና ማን እንደወለደች በእሱ እንደምታውቁ አስረዳሽኝ። «ሚልፒታስ ኢንተርንሺፕ ፈልጊ፤ እዚያ መሬቱ አይነቃነቅም» ብዬ ወሬውን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እናትሽ ወጥ ስታወጣልኝ ጭልፋውን ከሳህኑ ጋር ማጋጨት ጀመረች።

አንድ ሐሙስ እናትሽ ልብስ እያጠፈች «ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ።

«የምን ሽማግሌ?»

«ሽማግሌ ነዋ። በብሩክታዊት ጉዳይ።» ልብሷን ታቅፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ብለምናት፣ ብቆጣ፣ ከእናትሽ ከፀዳለ አፍ ሌላ ቃል አልወጣም።

በሴት ልጅ ጉዳይ ሽማግሌ የሚላከው ለምን እንደሆነ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትምህርቷን ያልጨረሰች፣ ካልሲዋን ሳሎን ጥላ የምትሄድ ልጅ። ዓርብ ዕለት ከኦክላንድ ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት የማደርሰው መንገደኛ በታክሲዬ ጭኜ፣ ሐሳብ ይዞኝ የኤርፖርቱን መውጫ አልፌ ሬድውድ ሲቲ ደረስኩ። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ደኅና መሆኔን ጠየቀኝ። «ልጄ ልታገባ ነው መሰለኝ» አልኩት። «ኮንግራጁሌሽንስ» አለኝ። እዚያው ላወርደው ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ ሱፌን ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» የሚለውን መልሴን እያመላለስኩ ጠበቅሁ። በሩን ስከፍት ባለሱቁ ጋሽ ተኽላይ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ወዳጃችን እትዬ ሓዋ ዳቦ ይዘዋል። ከኋላቸው ፀሐይ አፍንጫዋን የላጠው አንዲት ረጅም ፈረንጅ ትልቅ ቦርሳ ተሸክማ ቆማለች። የልጁ እናት ናት አልኩ በሆዴ። እናትሽን ዞሬ ባያት ኮርኒሱን ትመለከታለች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተኽላይ። ፈረንጇም ተነግሯት ኖሮ እጆቿን አጣምራ እንደ ተማሪ ቆመች። «አክሊሉ፣ ልጅህን ልንለምንህ ነው የመጣነው። ለሰመሩ፣ ለአሥር ሳምንት።»

«ለአሥር ሳምንት?» አልኩ። «ጋሽ ተኽላይ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጋብቻ ነው?»

እትዬ ሓዋ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«የምን ጋብቻ አመጣህ? እኛ ለጀልባው ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ተኽላይ። «ይቺ ዶክተር ሊንዳ ናት፣ የልጅህ ሱፐርቫይዘር። ሪስፖንሲቢሊቲውን እሷ ትወስዳለች። እኔና ሓዋ ደግሞ ዋስ ነን።»

ዶክተር ሊንዳ ስሟ ሲጠራ ተራዋ የደረሰ መስሏት ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት፣ የባሕር መንሳፈፊያ፣ አውጥታ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠች። ጥሎሽ መሆኑ ነው።

ያኔ የተሰማኝን ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። ሙሽራ የለም፣ ሠርግ የለም፣ ባሕር ብቻ ነው። ከደስታዬ ብዛት ሁለት ጊዜ እምቢ ያልኩትን ነገር «ይሁን፣ ፈቅጃለሁ» ብዬ አረፍኩት። እናትሽ እልል አለች፤ አንቺም ከጓዳ ወጥተሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። ዳቦው ተቆርሶ ከተበላ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ፤ ግን የመረቀ አፍ ተመልሶ አይረግምም። እትዬ ሓዋ «ሽማግሌ ለከበደ ነገር ሁሉ ይላካል» ብለው እንደመከሩሽ፣ አንቺም አምነሽ በቅንነት እንደላክሽ በኋላ ሰማሁ። ጋብቻ ይመስለዋል ብለሽ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ። ያንን ያሰበችው እናትሽ ናት፤ ከእሷ ጋር ሌላ ጊዜ እንተሳሰባለን።

ስንስቅ ሳልነግርሽ ያለፈ ነገር ግን አለ። ሽማግሌዎቹም እምቢታህ ከምን የተነሣ ነው ብለው አልጠየቁኝም። ልጄ፣ እኔ ባሕርን የማውቀው በወጣትነቴ ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ ወደብ፣ ወደ የመን በተሻገርኩበት ጀልባ ነው። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበን ነበር። መሐል ላይ ሞተሩ ቆመ፤ ሰዉ መጸለዩንም ተወው። በጣም ፈራሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ውቅያኖሱን ያየሁት በመኪና መስኮት ብቻ ነው። አንቺ ስትጠይቂኝም የታየኝ ያንቺ ጀልባ ሳይሆን ያኛው ነበር። እንድትቀሪብኝ አልፈለግሁም፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ግን እዚያው ሌላም ነገር አይቻለሁ፤ ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። ጎህ ሲቀድ ዶልፊኖች መጥተው ከበቡን። አንዱ ከውኃው ዘልሎ ወጣና አየር ላይ እንደ እንዝርት ተሽከርክሮ ወደቀ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ተሽከረከረ። አጠገቤ የነበረች ሴት ሳቀች። ከዚያ ጀልባው በሙሉ ሳቀ፤ ያ ሁሉ የሚሞት የመሰለው ሰው። ሞተሩም ትንሽ ቆይቶ ተነሣ። ይህን ለማን አወራዋለሁ? ባሕር ላይ ሳቅን ብል ማን ያምነኛል? አሁን ግን ሥራዋ ይኸው የሆነ ልጅ አለችኝ። እነዚያ የሚሽከረከሩት ስማቸው ማን ነው? ለምንስ ነው እንደዚያ የሚሆኑት? ዶክተር ሊንዳንም ጠይቂልኝ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ወላጆች ጀልባው ላይ መውጣት ይችላሉ ብለሽ ቴክስት አድርገሽልኝ ነበር፤ «ኖ ፕሬሸር፣ ዳድ» ብለሽ፣ ካልፈለግህ አትጨነቅ ማለትሽ ነው። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ደጋግሜ አነበብኩት። አልመለስኩልሽም፤ የተቀየምሽ እንደሆነ ይቅር በዪኝ። መልሱን በቴክስት የሚላክ አላደረግሁትም። ኦክላንድ ጋሽ ተኽላይ ሱቅ ሄጄ ጉዳዬን አስረዳሁ።

ስለዚህ እሑድ፣ ጀልባ በማትወጡበት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተኽላይ ኮል ያደርጉልሻል። እትዬ ሓዋም በስፒከር አብረው አሉ። ቆመው ነው የሚያነጋግሩሽ፤ የጋሽ ተኽላይን ጉልበት ስለምታውቂው ብዙ አታቁሚያቸው። ወጉ «ቤተሰብ ልጠይቅና ተመለሱ» ማለት ነው፤ እንደ ወጉ አንድ ጊዜ መልሻቸው፣ አልቀየምም። ሁለተኛ ሲመጡ ግን እሺ በያቸው። የሚለምኑሽ ለአባትሽ ጀልባው ላይ አንድ ቦታ ነው።

ላይፍ ጃኬቱ እንደሆነ አለኝ።

ሽማግሌ የላከብሽ አባትሽ፣
አክሊሉ
ካስትሮ ቫሊ